«ይንቀረፈፋል» ለተባላችሁ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የአኒሜሽን ባለሙያ ጥያቄ ላከችልኝ። ለልጆች የሠራችውን የስምንት ደቂቃ ካርቱን ያዩ ሰዎች «ጥሩ ነው፤ ግን ይንቀረፈፋል፤ ሙዚቃ ጨምሪበት» ብለዋታል። «ልስማቸው ወይስ ልተዋቸው?» ትላለች። በሁለት መስመር ልመልስላት ብቀመጥም ሌሊቱ ተጋመሰብኝ፤ ይህንኑ «ይንቀረፈፋል» የሚል ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም ሰምቼው፣ ሰምቼም ታዝዤው ነበርና።

በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቴሌቪዥን ክፍል በቅንብር ሥራ ላይ ነበርኩ። ለገና የአሥራ ሁለት ደቂቃ የልጆች ዝግጅት እንድናሰናዳ ስንታዘዝ፣ እኔና አንድ ሠዓሊ ባልደረባዬ ከካርቶን እረኞች፣ በጎችና አንዲት አህያ ቆርጠን፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀስን ቀረጽናቸው። የአህያዋ ጆሮ በመብራቱ ሙቀት እየተጠቀለለ ስላስቸገረን ከጀርባው በክብሪት እንጨት ደግፈነው ነበር። የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ 2 ያነበበችልን የጽዳት ሠራተኛችን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አነበበች ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ገና ፊደል እየቆጠረች ስለነበር ሐረግ ሐረጉን ከእኔ እየተቀበለች ነበር የምትለው። «በዚያም ምድር» እላለሁ፤ «በዚያም ምድር» ትላለች። «አትፍሩ» ከሚለው ስትደርስ ግን ቆም አለች፤ ቀና ብላ አየችኝና፣ እኔን ልታጽናና የፈለገች ይመስል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አትፍሩ» አለች። ከዚያም አፍንጫዋን ሳበች። እሱም ሳይቀር ካሴቱ ላይ ገባ።

የክፍሉ ኃላፊ አይቶ ሲጨርስ «ይንቀረፈፋል፤ ልጅቷም ትደነቃቀፋለች፤ በዓል እኮ ነው!» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ ሙያውም ያን ጊዜ ከእኔ አብልጦ ያውቅ ነበር። የቀረን ሁለት ቀን ነው። ልጅቷን አውጥቼ የአንድ ተራኪ ግርማ ያለው ድምፅ አስገባሁ፤ ዝምታ የነበረበትን ሁሉ በከበሮና በእልልታ ሞላሁት። ዝግጅቱ በዋዜማው ተላለፈ። የነቀፈው የለም፤ በሳምንቱ ያነሣውም የለም። ከበዓሉ በኋላ እናቷ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና «ጋሼ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ስትጠብቅ አመሸች» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም፤ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች።

እ.ኤ.አ. በ2003 በዲሴምበር ወር አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጆቿ፣ እዚያ እንዳሉት ብዙዎቹ የእኛ ልጆች፣ ገናን አንዴ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንዴ ደግሞ ከእናታቸው ጋር ያከብራሉ። በዚያ ምሽት በየዓመቱ ይታይ የነበረውን «የቻርሊ ብራውን ገና» ከፈቱ፤ ቻርሊ ብራውን የሚባል ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት የአሜሪካ ካርቱን ነው። ላይነስ የሚባለው ብርድ ልብሱን ከእጁ የማይለይ ትንሽ ልጅ መድረክ መሐል ቆሞ ያንኑ የሉቃስን ቃል ያለ አንዳች ሙዚቃ በቃሉ ሲያሰማ፣ «አትፍሩ» ላይ ሲደርስ ብርድ ልብሱን ይለቀዋል። ድምፁ የትልቅ ሰው አይደለም፤ የልጅ ነው። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ካርቱን አሠራር ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮካ ኮላ ለገና የሚሆን ዝግጅት ፈልጎ ሲጠይቅ፣ ፕሮዲውሰሩ ሊ ሜንደልሰን፣ የሥዕሉና የጽሑፉ ባለቤት ቻርልስ ሹልዝና ዳይሬክተሩ ቢል ሜሌንዴዝ ሥራውን ያጠናቀቁት በስድስት ወር ገደማ ነው። የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ ለልጆች ሰጡ፤ የቻርሊ ብራውንን ታናሽ እህት የሳሊን ድምፅ የሰጠችው ሕፃን ማንበብ ስለማትችል ቃሉን ከአፍ እየተቀበለች ነው የቀረጸችው። ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ መናገር አያስፈልገኝም። ተመልካች የሳቀ እንዲመስል በዘመኑ ይጨመር የነበረውን የተቀዳ ሳቅ ሹልዝ አላስገባም አለ። ሙዚቃው የቪንስ ጓራልዲ ጃዝ ሆነ። ሜሌንዴዝ «ወንጌል በካርቱን ውስጥ አይሆንም» ብሎ ቢከራከርም፣ ሹልዝ «እኛ ካላደረግነው ማን ያደርገዋል?» በሚል አቋሙ ጸና።

ሥራው ሲያልቅ ካርቱኑን የሚያስተላልፈው የሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊዎች አዩትና አልወደዱትም፤ ቀርፋፋ ነው አሉ፣ ጃዙም አልጣማቸውም፤ የስርጭቱ ፕሮግራም ስለወጣ ብቻ አንድ ጊዜ ሊያሳዩት ተስማሙ። እናንተ ወጣቶች ይህን ታሪክ ስትነግሩ «አርቲስቱ አወቀ፣ አለቃው ሳተ» ብላችሁ ታሳጥሩታላችሁ። እኔን ሲገርመኝ የኖረው ግን ሜንደልሰንና ሜሌንዴዝ ራሳቸው ሥራውን አይተው «ቻርሊ ብራውንን አበላሸነው» ብለው መሥጋታቸው ነው። አለቆቻቸውን ያላመኑት በራሳቸው ተማምነው አልነበረም። ዲሴምበር 9 ቀን 1965 ሲተላለፍ በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈተው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ተመለከተው፤ በኋላም ኤሚና ፒቦዲ የሚባሉትን ታላላቅ የአሜሪካ ሽልማቶች አገኘ። ቻርሊ ብራውን የሚያብረቀርቀውን የአሉሚኒየም የገና ዛፍ ትቶ ቅጠሉ የሚረግፍ ቀጫጫ ዛፍ መምረጡ፣ በአሜሪካ የአሉሚኒየም ዛፍ ገበያ እንዲቀዘቅዝ እንዳደረገ ዛሬም ይነገራል። የገናን ንግድነት የሚተች ሥራ በለስላሳ መጠጥ ገንዘብ መሠራቱን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

እንግዲህ ለልጄ ምን ልመልስላት? «አትቸኩይ» ልላት ነበር፤ እነሱ ግን ቸኩለው ነው የሠሩት። «ስፖንሰር ያበላሻል» ልልም ነበር፤ ያለ ስፖንሰሩ ካርቱኑ አይወለድም ነበር። ስለ ሥራ ትጋት፣ ስለ ቀጠሮ ማክበር አልነግራትም፤ ይህን ከእናቷ ሰምታዋለች። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል፦ የዛሬ ወጣቶች ስልካቸው ላይ የሰውን ንግግር እንኳ ፍጥነቱን ጨምረው ነው የሚያዳምጡት፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ካለ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ለሐዘኑም ለሳቁም ያንኑ ሙዚቃ ይደፉበታል። ይህን ስጽፍ ግን ከበሮውን የደፋሁበት እኔው መሆኔ ትዝ አለኝ።

እናም፣ ልጄ፣ ሙዚቃውን ጨምረሽ ሞክሪው፤ ሰዎቹ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የፊተኛውን ቅጂ ግን አታጥፊ። እኛ ዘንድ ካሴት ውድ ስለነበር በአንዱ ላይ ደጋግመን እንቀርጽ ነበር። ከአሜሪካ ስመለስ ያን የልጅቷን ድምፅ ፍለጋ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገብቼ፣ ካሴቱን በራሴ የእጅ ጽሑፍ ለይቼ አገኘሁት፤ «ገና፣ ያልተቆረጠ» ይላል። ማጫወቻው ውስጥ ከትቼ ስከፍተው የአንድ ስብሰባ ዘገባ ነበር፤ ሰዎች ያጨበጭባሉ። እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ጭብጨባው አልቆ ካሴቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ።