ሲዲ 271 ያለው ሴል ሁሉ ስቴም ሴል ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ፣ ውስጥ እግር ላይ ከወጣ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ተወስደው ፎርማሊን የገቡና በሰም የተያዙ የፓራፊን ብሎኮችን አስቆርጠሽ፣ ሴል ላይ በሚገኙት ሲዲ 271 እና ሲዲ 133 በሚባሉ መለያ ፕሮቲኖች (ማርከሮች) አቅልመሽ፣ የካንሰር ስቴም ሴሎችን ልትቆጥሪ አስበሻል። የትኛው ማርከር ይሻላል ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ስላይድ ሳቀልም ነው የምውለው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከማርከሩ በፊት ጥያቄውን አስተካክዪው። ስቴም ሴል የሚታወቀው በሥራው ነው። ራሱን ይተካል፣ ዕጢውንም እንደገና ያበቅላል። ይህን ለማየት በሕይወት ያለ ሴል ለይቶ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ አይጥ ላይ መትከል ይጠይቃል። ፎርማሊን የገባ ሴል ደግሞ አብቅቶለታል። ስላይድሽ ሲዲ 271 የት የት እንዳለ ያሳይሻል፤ ከዚያ አያልፍም።

ሜላኖማ ላይ ነገሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንደኛው ኤቢሲቢ5 የሚባል ሌላ ማርከር ያላቸው ሴሎች ዕጢ ያስጀምራሉ አለ፤ በዚያ ሥራ ሳይለዩ ከተተከሉት ውስጥ ዕጢ የሚያበቅለው ከሚሊዮን አንድ ገደማ ነበር። ሁለተኛው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው የሾን ሞሪሰን ቡድን ሥራ ነው። መከላከያቸው የባሰ የተዳከመ አይጦች ሲጠቀሙ፣ ከአራት ሴል አንዱ ገደማ ዕጢ አበቀለ። በ2010 ሌላ ቡድን ዕጢ የሚያስጀምረው ሲዲ 271 ያለው ሴል ነው ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት የሞሪሰን ቡድን ማርከሩ ያለውም የሌለውም ሴል ዕጢ እንደሚያበቅል፣ ማርከሩም መልሶ እንደሚመጣና እንደሚጠፋ አሳየ። ፈታኝሽ ይህንን ካነሳ ምን ትመልሺለታለሽ?

አንድ ወንድማችን ለጥያቄሽ ሲመልስ «ሲዲ 4 የሚቆጠርበትን ማሽን ተጠቀሚ» ብሎሻል። ያ ማሽን ይቆጥራል እንጂ ሴል ለይቶ አያወጣም። ከፓራፊን ብሎክ ደግሞ በሕይወት ያለ ሴል አይገኝም።

አሁን ወደ ማቅለሙ። ዳብ የሚባለው የተለመደው ማቅለሚያ የሚሰጠው ቀለም ቡናማ ነው፣ የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒንም ቡናማ ነው። ጠቆር ያለ ሜላኖማ ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት ጭንቅ ነው። ቀይ የሚሰጥ ክሮሞጅን (ማቅለሚያ) እንዲያመጡልሽ ጠይቂ። ከዚያው ብሎክ ቀጥሎ የተቆረጠውን ቁራጭ ዋናው አንቲቦዲ (ሲዲ 271ን የሚይዘው) ሳይገባበት አሠሪው። እዚያ ላይም ቡናማ ካየሽ ከሲዲ 271 የመጣ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሜላኒን ነው። ሌላው፣ ሲዲ 271 ነርቭንም ያቀልማል። ውስጥ እግር ቆዳ ላይ ቀጫጭን ነርቮች አይጠፉም። እነሱ ካልቀሉ ማቅለሙ አልሠራም ማለት ነው፣ ድገሚው። ከቀሉ ደግሞ ከዕጢው ጋር ደባልቀሽ እንዳትቆጥሪያቸው።

ሲዲ 133ን ብታወጪው እመርጣለሁ። አንቲቦዲዎቹ እርስ በርስ የማይስማማ ውጤት ይሰጣሉ፣ ብርም ይበላል።

ርዕሱን «የሲዲ 271 ስርጭት በውስጥ እግር ሜላኖማ እና ከዕጢው ውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት» ብትዪው በእጅሽ ያለው ብሎክ ይመልስልሻል። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። የታተመው ጥናት አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ሜላኖማ በብዛት የሚመጣው እግር ላይ ነው። ብሎኮቹን ከማስቆረጥሽ በፊት ከፓቶሎጂስት ጋር ተቀምጠሽ የድሮዎቹን ስላይዶች እዪ። በቂ ዕጢ የተረፈበትን ብሎክ ከአሁኑ ለዪው።