ካስልቬንያ፦ የሞት ኮሪደር ላይ ለተቸገርከው ወንድሜ

«የመጀመሪያው ካስልቬንያ ላይ ስቴጅ 15 ኮሪደሩን ማለፍ አቃተኝ፣ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ምን ይሻለኛል?» ያልከውን አየሁት። ለማያውቀው፦ ካስልቬንያ ሲሞን የሚባለውን ባለ ጅራፍ ጀግና እያንቀሳቀስክ እስከ ድራኩላ የምትዋጋበት ቪዲዮ ጌም ነው፤ ኮሪደሩም ሞት የሚባለው ዋና ጠላት ክፍል በፊት ያለው መተላለፊያ ነው። እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ ወር ሙሉ ከርሜአለሁ። ባለ ማጭዱን ሞትን ግን ገድዬዋለሁ። አንተ እንደ እኔ እንዳትለፋ ልንገርህ።

1. ጸበሉን (የሚወረወረውን፣ መሬት ላይ የሚነደውን መሣሪያ) ይዘህ ግባ። ከስቴጅ 13 ጀምሮ አንድ ምት ከላይፍህ 4 ይወስዳል፤ ጠቅላላው 16 ነው። አራት ጊዜ ከተመታህ አለቀ። ባለ ጥሩሮቹ (የብረት ልብስ የለበሱት ጠላቶች) መጥረቢያ ይወረውራሉ፣ መጥረቢያው ሲመለስም ይመታል። የሜዱሳ ራሶች የሚባሉት በራሪ ጭንቅላቶች ደግሞ ከፊትም ከኋላም እየተወዛወዙ ይመጣሉ። በጅራፍ ብቻ የሚቻል አይደለም። ጸበሉ ግን መሬት ላይ ሲነድ ባለ ጥሩሩን ባለበት ያደርቀዋል፣ አንተም እየገረፍክ ትጨርሰዋለህ።

2. ያገኘኸውን ሻማ ሁሉ አትምታ፤ ሻማ ሲመታ ዕቃ ይጥላል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። አንድ ቀን ጸበሉን ሦስት ሦስት መወርወር ችዬ፣ ከ30 በላይ ልብ (ጸበሉን ስትወረውር የምትከፍለው) ይዤ ኮሪደሩ ጋ ልደርስ ስል፣ በልማድ አንድ ሻማ ገርፌ ዘለልኩ። ከሻማው ጩቤ ወደቀ። እያየሁት ነው! ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ነው፤ ሲሞን አንዴ ከዘለለ አየር ላይ አይታጠፍም። ቀጥ ብሎ ጩቤው ላይ አረፈ። ጸበሌ ጠፋ። አዲስ መሣሪያ ስታነሳ የድሮው አይመለስም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መሬት ላይ የወደቀ ዕቃ ትንሽ ከቆየ ራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ የማትፈልገው ከወደቀ ቆመህ ጠብቅ፣ አትቸኩል።

3. ጆይስቲክህን ፈትሽ። የእኔ ልቦች ያለምክንያት ያልቁ ነበር። ለካ ቀኝ ስጫን ላይኛውም አብሮ ይጫናል። ላይ ይዘህ ስትመታ ደግሞ ጅራፉ ሳይሆን ጸበሉ ነው የሚወጣው፣ በየውርወራው አንድ ልብ ይሄዳል። ለሸጠልኝ ሰው ይዤለት ብሄድ ሳያየው «ጆይስቲኩ ምንም አልሆነም፣ አንተ ነህ የማትችለው» አለኝ፤ ሰው ፊት። በአዲስ ጆይስቲክ በሦስተኛው ቀን አለፍኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንተም ልቦችህ ቶሎ ቶሎ የሚያልቁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እይ።

ኮሪደሩ ላይ ከሞትክ የምትነሳው በ5 ልብ፣ በአጭሩ ጅራፍና ያለ ጸበል ነው። ሰው ሁሉ እዚያው ይፋለማል፤ እኔም ሳምንታት የፈጀሁት እንዲያ ነው። የቀሩህን ነፍሶች ጨርስና ኮንቲኒው (ቀጥል የሚለውን ምርጫ) በል። ከስቴጅ 13 ያስጀምርሃል፣ ኮንቲኒው ደግሞ አያልቅም። ረጅም ይመስላል እንጂ ጅራፍህን አሳድገህ፣ ልብ ሰብስበህ፣ ጸበልህን ይዘህ ነው የምትደርሰው። ጸበሉን መንገድ ላይ ደጋግመህ ጠላት ምታበት፤ ሁለት ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ሦስት መወርወር የሚያስችልህን ምልክት የምታገኘው እንደዚያ ነው።

ሞት ክፍል ስትገባ አየር ላይ የሚበሩትን ማጭዶች አታሳድድ። ሞት ራሱ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጸበሉን ከእግሩ ስር ጣልበት፣ እሳቱ ሳይጠፋ ሌላ ድገም። እንዲያ ከያዝከው አይንቀሳቀስም። እኔ ስጨርሰው ሁለት ምት ብቻ ነበር የቀረኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በኋላም ጸበሉን እንዳትለውጠው። ድራኩላ መጀመሪያ የሚጎዳው ጭንቅላቱን ስትመታው ብቻ ነው፣ እሱን በጅራፍ ትሠራዋለህ። ከዚያ ተለውጦ እየዘለለ የሚመጣው አውሬ ግን ጸበል ይይዘዋል።