ስፒሩሊና ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

በየስልካችሁ ስለ አንድ አረንጓዴ ዱቄት ብዙ እየተወራ ነው። ያልተባለለት ነገር የለም። ሥነ ምግብ ሳስተምርና ሳማክር ፀጉሬ ሸብቷልና እስቲ የሚመስለኝን ልንገራችሁ።

ዱቄቱ ስፒሩሊና ይባላል፤ ውሃ ውስጥ የሚያድግ፣ በዓይን የማይለይ ደቃቅ አልጌ ደርቆ ነው። ጥሩ ምግብ ነው፣ አልክድም። ከደረቀው ክብደት ከግማሽ በላዩ ፕሮቲን ነው። ክሎሬላ እንደሚባለው ሌላ አልጌ ጠንካራ የሴል ግድግዳ ስለሌለውም ሆድ አይቸገርበትም። የትናንት ግኝትም አይደለም። በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካኔምቡ ሴቶች ከውሃው ላይ ሰብስበው አሸዋ ላይ ያደርቁታል። ድሄ ይሉታል፣ ወጥ ይሠሩበታል። እኛስ ቢሆን? ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ያን መልኩን ያገኘው ከዚሁ አልጌ ነው። የሻላ ጎረቤት ጭቱ ሐይቅ ላይም ፍላሚንጎዎቹ የሚመገቡት እሱኑ ነው።

የማይጥመኝ ሂሳቡ ነው። ማስታወቂያው ሁሌ "በ100 ግራም" ይላል። ማን ነው 100 ግራም የሚበላው? ሽታው ራሱ አያስጠጋም! ሰው የሚወስደው ቢበዛ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 7 ግራም ገደማ ነው። በውስጡ 4 ግራም ያህል ፕሮቲንና 2 ሚሊግራም ያህል አይረን ታገኛላችሁ። ግማሽ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ግን 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ አይረኑም ከዚያ አያንስም። የሁለቱን ዋጋ ገበያ ወጥታችሁ አስተያዩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሶ የተዋችሁ አላችሁ። ሻጩ "ቢ12 እዚህ ውስጥ ሞልቷል" ቢላችሁ አትቀበሉት። ስፒሩሊና ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። ጉድለቱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነርቭ ይጎዳል። ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ወይም ክኒን ይሻላችኋል። ነፍሰ ጡር እህቶቼም ሐኪም ያዘዘላችሁን አይረን በዚህ ዱቄት እንዳትተኩ።

ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለበት ሰው አይንካው። በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። የባሕር አልጌ ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ ኮምቡ የሚባለው አዮዲኑ ከመጠን በላይ ስለሆነ እንቅርት ወይም ሌላ የታይሮይድ ችግር ያለበት ይጠንቀቅ።

ባዮሎጂና የምግብ ሳይንስ የምትማሩት ግን ብታመርቱት ደስ ይለኛል። ሙቀት፣ ፀሐይና ሶዳ (የለስላሳው ሳይሆን የጨው ዓይነቱ) የበዛበት ውሃ ይወዳል። እንዲህ ያለ ውሃ ብዙ ሌሎች አልጌዎችን አያስጠጋም። ታዲያ ከሐይቅ ቀድታችሁ አድርቃችሁ አትሽጡ። አብረውት መርዝ የሚያመነጩ ዘመዶቹ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ከባድ ብረቶችንም ከውሃው ይስባል። በንጹሕ ገንዳ አሳድጉት፣ እያንዳንዱንም ምርት ሳታሽጉ በፊት ላቦራቶሪ አስመርምሩ።