አረቄ በሚወጣበት ቤት አረቄ ማቆም

ጥያቄ፦

ሰላም ሲስተር። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ባጃጅ እነዳለሁ። አረቄ የጀመርኩት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። መጨረሻ ላይ ጠዋት አንድ ሁለት መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ መሪ አይጨብጥም ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም። የንስሐ አባቴም ገዝተውኛል። ችግሬ ቤቴ ነው። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን፤ ዛሬም የምትኖረው በሱ ነው። ተይ እንዳልላት ምን ትብላ? ለኅዳር ሚካኤል ደግሞ ማኅበሩ እኛ ቤት ነው። ማታም እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጓደኛዬ የእንቅልፍ ክኒን ላምጣልህ እያለኝ ነው። እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሆስፒታል ገብተህ ማቆምህ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ለሌሎች አንባቢዎቼም ልናገረው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ሰው ይሞታል። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ድንገት አቁሞ ቤቱ መተኛት የለበትም። በሰዓታት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ የሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ለክፎት ነው ብሎ በቀጥታ ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉን አልቃወምም፤ እኔም ግሽ ዓባይ ተጠምቄያለሁ። ግን የሚንቀጠቀጥን ሰው እህል ሳይቀምስ ማዋል አደጋ ነው። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ ዋን ይመናመናል፤ እጥረቱም አንጎልን ለሁልጊዜው ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። እናትህን ተይ አትበላቸው። በጎጃም በዳጉሳ አረቄ ገቢ የተማረ ልጅ የሌለበት ሰፈር የት አለ? እሳቸው ጭስ እየጠጡ ነው አንተን ለዚህ ያበቁህ። ስለዚህ የእናትህን ሥራ ትተህ የራስህን አልጋ አንሳ። ለጥቂት ወራት እኅትህ ወይም አጎትህ ቤት እደር። ካልሆነ ከማይጠጣ ባልደረባህ ጋር አንድ ክፍል ተከራዩ። እናትህን አረቄ በማይወጣበት ቀን፣ በጠዋት እየሄድክ ጠይቃቸው። ለምን እንደወጣህም ራስህ ንገራቸው፤ ተቀየመኝ ብለው እንዳያዝኑ።

ሽታውን አትናቀው። ለዓመታት መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ መለኪያው ተከተለ። አንጎልህ ሁለቱን አጣብቆ ይዟቸዋል። ከእናትህ ደጅ ስትደርስ አፍህ ምራቅ ቢሞላ፣ ልብህ ቢመታ፣ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ጊዜ ሲሄድ ይቀንሳል። አሁን ግን እስቲ ልቋቋመው ብለህ ራስህን አትፈትን።

መውጣት ፈጽሞ ካልተቻለ፣ ቢያንስ ጥንስሱና ጀሪካኑ አንተ ከምትተኛበት ክፍል ይውጡ። ለደንበኛ አትቅዳ። እናቶች ደግሞ «ልጄ፣ እስቲ ቅመስልኝ፣ ጠንክሯል?» ማለት ይወዳሉ። ቀማሽ ሌላ ይሁን። ይህን አስቀድመህ ለምናቸው።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። የባጃጅ ሥራ ይህ ፈተናው ነው፤ በየቀኑ ጥሬ ብር ኪስህ ይገባል፣ አረቄ ቤቱም መንገድህ ላይ ነው። የቀን ዕቁብ ግባ። ሰብሳቢው ማታ ሳይሆን ከ11 ሰዓት በፊት እንዲቀበልህ ተነጋገሩ። ዕጣው ሲወጣልህ ግን ብሩን በእጅህ አትቀበል። አብራችሁ ሄዳችሁ ባንክ ይግባ፣ ወይም ለእኅትህ ይሰጥ። ስንቱ ወር ሙሉ ጠንክሮ በዕቁብ ቀን ሲወድቅ አይቻለሁ።

ምሳህን በሰዓቱ ብላ። ይህን ቀላል ምክር አድርገህ አትለፈው። ሾፌር ምሳውን በሻይና በብስኩት ያሳልፋል። ከዚያ 11 ሰዓት ላይ የሚሰማህ ባዶነት ረሃብ ይሁን አምሮት መለየት ያቅትሃል። ንዴት፣ ብቸኝነትና ድካምም እንደዚሁ ናቸው። አምሮቱ ሲመጣ ካልጠጣህ የማያልፍ ይመስልሃል። ያልፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ያንን ግማሽ ሰዓት ብቻህን አትሁን።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክሮን በምትባል ከተማ አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው ነበሩ። ያደረጉት ነገር ቁጭ ብሎ ስለ ራሳቸው መጫወት ነው። ዛሬ በብዙ አገር ያለው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ከዚያ ተነሣ። አንተ አጠገብ እንዲህ ያለ ስብሰባ ባይኖር እንኳ፣ ጠጥቶ የተወ አንድ ሰው ሰፈርህ ውስጥ አይጠፋም። ፈልገው። ስልኩን ያዝ። ከመጠጣትህ በፊት ደውልለት፤ ከጠጣህም ደውልለት።

ስለ ግዝቱ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ግዝት ብዙ ሰው ይይዛል። ግን አንድ ቀን ያዳለጠው ሰው «እንግዲህ ግዝቱን ጥሻለሁ፣ ምን ቀረኝ?» ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲጠጣ አውቃለሁ። እግዚአብሔር አያድርገውና አንድ መለኪያ ብትቀምስ፣ የዚያኑ ዕለት ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ሐኪምህ ጋርም ሂድ። ከሳምንታት እረፍት በኋላ የመጠጥ ችሎታህ ስለሚቀንስ ድሮ የምትችለው መጠን ዛሬ ሊጥልህ እንደሚችልም እወቅ።

ኅዳር 12ን ብትችል እለፈው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳም፣ ዳቦውን አስባርከህ ተካፈል፣ ሰው ሳይሞቀው ውጣ። ማኅበርተኛው አይቀየምህም፤ ቢቀየምም ይለፍ። መቆየት ግድ ከሆነብህ ዋንጫህን ባዶ አትተው፤ ባዶ ዋንጫ ያየ ሁሉ ሊቀዳልህ ይነሣል። እኅትህ ብርዝ ታዘጋጅልህ፤ ዕለቱን የተበጠበጠ ይሁን፣ ያደረው መፍላት ይጀምራልና። «በሚካኤል አንዲት ብቻ» ለሚልህ ሰው መድኃኒት ላይ ነኝ በለው። ከዚያ በላይ ማስረዳት የለብህም። አንድ የሚያስወጣህ ሰውም አስቀድመህ አዘጋጅ።

ክኒኑን አትቀበል። ለእንቅልፍ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ሱስ ያስይዛሉ፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኙም ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ሆስፒታል ሳለህ የሰጡህ ካለ በታዘዘልህ ልክ ብቻ ውሰድ። እንቅልፍ አረቄ ካቆሙ በኋላ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይረበሻል። ስትጠጣ እያለምክ ብትባንንም አትደንግጥ፤ ብዙዎች ላይ ይመጣል። ቡናውን ከቀትር በኋላ ተው፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሣ፣ ቀን አትተኛ። ለክትትል ስትሄድ ደግሞ እንቅልፉን ለሐኪሙ በግልጽ ንገረው። ሱስ የማያስይዝ መድኃኒት ሊያዝልህ ይችላል።