ሰውነት የባሕርን ጥልቀት ይለምዳል ወይ?

«ጂቡቲ ወደብ የጠላቂነት ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሰውነቴ ጥልቀቱን እየለመደው ይሄዳል ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ እዚያው ወደብ የመርከብ ሆድ እየፋቅኩ ዓመታት ሠርቻለሁ። ሰውነት ከፊሉን ይለምዳል፤ ዋናውን ግን አይለምድም።

ጆሮ ይለምዳል። ሁለት ሦስት ሜትር እንደወረድክ ውኃው ታምቡሩን ሲገፋው ይሰማሃል፤ አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ ስትነፋ «ጧ» ብሎ ይለቅሃል። ሳያምህ በፊት ንፋ። ትንፋሽም ይረጋል፤ ጀማሪ በድንጋጤ በሚጨርሰው አየር የለመደ ሰው ብዙ ሥራ ይሠራበታል። የወደብ ውኃ ድፍርስ ስለሆነ መዳፍህን የማታይበት ቀን አለ፤ ብሎን በዳሰሳ ብቻ መፍታት ትማራለህ። ሽንት ቢያጣድፍህ አትደንግጥ፤ የእጅና የእግርህ ደም ወደ ደረት ስለሚሰበሰብ ኩላሊት ፈሳሽ የበዛ ይመስለዋል።

የማይለመደው ናይትሮጅን ነው። በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመርብሃል፤ 30 ሜትር ላይ ባሕር ጠለል ላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል። ያኔ የምትስበው ናይትሮጅን ደምህና ስብህ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ጥልቀት ወዲያ ያሰክራልም፤ የቆየ ጠላቂ «እኔን አይነካኝም» ቢልም እጁና ሐሳቡ ይዘገያሉ። ቶሎ ከወጣህ ደግሞ የሟሟው ናይትሮጅን ክዳኑ ድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ ሰውነትህ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። ሆልዴን የተባለው ሳይንቲስት በ1908 እ.ኤ.አ. ናይትሮጅኑ ቀስ ብሎ እንዲወጣ በየጥልቀቱ እየቆሙ የመውጫ ሠንጠረዥ ያወጣው ለዚህ ነው። መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ወርደው የሚሠሩትም ሰውነታቸው ስለለመደ አይደለም፤ ሂሊየም የተቀላቀለበት ኦክስጅን እየተነፈሱ ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ይኖራሉ፤ ለመውጣት ብቻ ቀናት ይፈጅባቸዋል።

እኛን ደጋ ወጪዎቹን በተለይ የሚያሰጋን ግን የመልሱ መንገድ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ገደማ ከባሕር ጠለል ከፍ ይላሉ። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል። አንድ ባልደረባዬ ከሰዓት ጠልቆ ሌሊቱን በመኪና ተነሣ። ድሬ ሲደርስ ትከሻውን ይቆረጥመው ጀመር፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሲገባ ክንዱን ማንሣት አቃተው። ቤተሰቡ «ብርድ ነው» ብለው በቅቤ አሹት። የሚያስፈልገው ኦክስጅንና የግፊት ክፍል፣ ማለትም አየሩን አምቆ አረፋውን መልሶ የሚያሟሟው የሕክምና ክፍል ነበር።

ስለዚህ አንዴ ብቻ ከጠለቅክ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመህ ከጠለቅክ ቢያንስ 18፣ እየቆምክ የወጣህበት ጥልቀት ከሆነ ቢያንስ 24 ሰዓት ወደ ደጋ ሳትወጣ ጂቡቲ ቆይ። ውኃ ጠጣ፤ በዚያ ሙቀት ጫት ይዘህ ሳትጠጣ አትዋል። ውል ከመፈረምህ በፊት የግፊት ክፍሉ የት እንዳለ፣ የእያንዳንዱን ጠለቃ ጥልቀትና ሰዓት ማን እንደሚመዘግብ፣ የትከሻና የዳሌ አጥንትህ በየጊዜው ይመረመር እንደሆነ ጠይቅ፤ ለዓመታት በጠለቀ ሰው ላይ እነዚህ አጥንቶች ሊሞቱ ይችላሉ። ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጡህ አትፈርም።