ለድመቴ ብዬ ሲጋራ ባቆም ያስቃል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሲጋራ ከጀመርኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። ድመት አለችኝ፣ ሰሞኑን መሬት ላይ ልጥፍ ብላ አንገቷን ዘርግታ ትስላለች፣ የራሷን ፀጉር ውጣ አንቋት መስሎኝ ነበር፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ስወስዳት ግን አስም ነው አለኝና ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የማጨሰው በረንዳ ላይ ነው፣ በሩንም እዘጋለሁ፣ እሱ አይበቃም? ለሷ ስል ላቆም ነው ብለው ባሌ ሳቀብኝ።

መልስ፦ ምንም አያስቅም እህቴ። ሰው ለልጁ ብሎ ያቆማል፣ ለእናቱ ብሎ ያቆማል፣ አንቺም ለምትወጃት ድመት ብለሽ ብታቆሚ ምኑ ላይ ነው ነውሩ? ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ አንድ የአሜሪካ ሚሺጋን ጥናት እንስሳ ካላቸው አጫሾች 28 በመቶ ያህሉ ጭሱ እንስሳቸውን እንደሚጎዳ ማወቃቸው ለማቆም እንዲሞክሩ እንደሚያነሳሳቸው ተናግረዋል።

ወደ በረንዳው ስንመጣ፣ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ጭሱ ልብስሽ ላይ፣ ፀጉርሽ ላይ፣ ጣቶችሽ ላይ ተጣብቆ አብሮሽ ይገባል፣ ከዛ እሷን ታቅፊያታለሽ፣ ትደባብሻታለሽ፣ እሷ ደግሞ እንደምታውቂው ስትልስ ነው የምትውለው፣ ፀጉሯ ላይ ያረፈውን ሁሉ በምላሷ ጠርጋ ትውጠዋለች። ማለት ጭሱን መተንፈስ ብቻ ሳይሆን ትበላዋለችም። እ.ኤ.አ. በ2002 የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት አጫሽ ያለበት ቤት የሚኖሩ ድመቶች ሊምፎማ በሚባለው ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነው፣ 5 ዓመትና ከዛ በላይ ከጭሱ ጋር የኖሩት ደግሞ ከ3 እጥፍ በላይ። ያንቺዋ ላይ ደግሞ አስሙ አለ፣ ጭስ ደግሞ አስም ይቀሰቅሳል።

ስታቆሚ የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ይከብዳሉ፣ ትነጫነጫለሽ፣ እንቅልፍም ይጠፋል፣ ያልፋል ግን። አምሮቱ በየመሀሉ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ነው የሚቆየው፣ እስኪያልፍ እጅሽን ስራ አስይዢው፣ ድመትሽን አበጥሪያት በቃ። ለብቻሽ ካቃተሽ ሐኪም አማክሪ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፓች አለ፣ ማስቲካ አለ፣ በሐኪም የሚታዘዙ ኪኒኖችም አሉ። ባልሽም የሚያጨስ ከሆነ አብራችሁ አቁሙ፣ አለበለዚያ ጭሱ በሱ በኩል ይገባል። መጋረጃውን፣ የሶፋ ልብሱን፣ የምትተኛበትን ብርድ ልብስ እጠቢው።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ማስቲካውም ፓቹም ኒኮቲን ነው፣ ተጠቅመሽ የጣልሽው ፓች እንኳን ውስጡ ኒኮቲን ይቀራል፣ የሲጋራ ቁራጭም እንደዛው፣ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ፈሳሹማ የባሰ ነው። ክዳን ያለው ነገር ውስጥ ጣይ። በልታ ለሃጯ ከተዝረበረበ፣ ካስመለሳት ወይ ከተንቀጠቀጠች ሳትቆዪ ሐኪም ጋ ይዘሻት ሩጪ። የአስም መድኃኒቷንም ሲጋራ አቆምኩ ብለሽ እንዳታቋርጫት፣ እሱን የሚቀንሰው ሐኪሟ ነው።