ጎርፍ የገባበት ቤት እንዴት ይድረቅ? ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የድሮ ቤት ጥገና ሥራዬ ነውና ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን መብራት ሳይጠፋ ውሃ የተኛበት ክፍል እንዳትገቡ።

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ ማታ ጎርፍ ገብቶብን ጠርገን አወጣነው። አሁን ከሰል አቀጣጥለን በሩን ዘግተን ብናደርቀውስ?

መልስ፦ በፍጹም! ከሰል በዝግ ቤት ሰው ይገድላል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። እርጥበቱም መውጫ ያጣል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ በርና መስኮቱን ወለል አድርጊው፤ ከሰዓት ዝናብ ሲመጣ ዝጊው። ሶፋና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ አርቂ። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ነገ አትበይ።

የፒያሳው፦ የአያቴ የጭቃ ቤት ግድግዳ እስከ ጉልበት ረጥቦ ልስኑ ተነፍቷል። በሲሚንቶ ላስለስነው?

መልስ፦ ሲሚንቶ እንዳታስነካው! ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለብስ ግን ውሃው እዚያው ይቀራል። ከላይ አምሮ ውስጡ ያለው ቋሚና ማገር ይበሰብሳል። ልስኑን በጣትህ አንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ብቻ አራግፍ። ቋሚውን ከሥሩ በቢላ ጫፍ ውጋው፤ ያለ ችግር ከገባ ይቀየር። ከዚያ ታገስ፣ ሳምንታት ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ መዳፍ የምታህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር ለጥፈህ አሳድር። ጠዋት ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካየህ ገና ነው። ሲደርቅ በጭድ የተቦካ ጭቃ ምረገው፤ ከላዩ ኖራ ቀባው። ፕላስቲክ ቀለምም እንዳትቀባው፤ እሱም እንደ ሲሚንቶው ያፍነዋል።

የአራት ኪሎው፦ የእኛ ጭቃ ቤት በሲሚንቶ ተለስኖ ስንት ዓመት ቆሟል። ኖራ የድሮ ሰው ነገር ነው።

የለገሃሯ፦ እናንተማ ላይ ናችሁ፣ ምን አለባችሁ? ውሃው የሚወርደው እኛ ጋ ነው።

የአራት ኪሎው፦ ቱቦውን በፌስታል የደፈናችሁት እናንተ!

መልስ፦ የቱቦውን ክርክር ሌላ ቀን። ወንድሜ፣ ያንተ ግድግዳ ውሃ ስላልተኛበት ቆሟል። እኔ የማወራው ውሃ ስለተኛበት ነው።

ሌላ፦ ቤቴ ረጥቧል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? ጣሪያው? ወለሉ? ሊሾ ነው ጣውላ? ሳትነግረኝ ምን ልበል?

የለገሃሯ፦ ሻጋታውን በበረኪና ልጠበው?

መልስ፦ ሴራሚክ ከሆነ ይሁን። ጭቃ ከሆነ ውሃ መጨመር ነው። ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የካዛንቺሷ፦ ሽንት ቤቱም ገንፍሎ ፍራሹ ረጥቧል።

መልስ፦ ጣሉት።

ሌላ፦ ካሳ የሚጠየቀው የት ነው?

መልስ፦ ወረዳችሁን ጠይቁ፤ እኔ ግንበኛ ነኝ።

ሌላ፦ ከሰሉን መስኮት ከፍተን ብናነድስ?

መልስ፦ ከላይ ተናገርኩ እኮ! ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም።

የፒያሳው፦ ሶኬቱ ደርቋል። መብራቱን ልመልሰው?

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትመልስ።